የእናቴ ጓሮ ላይ 4 በ6 ሜትር ቤት ልሠራ ነው፤ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ?

የማርቆሷ፦
ሰላም ያገር ልጆች። እናቴ ደብረ ማርቆስ ላይ 200 ካሬ ግድም ነባር ይዞታ (በሊዝ ያልተያዘ የቆየ ቦታ) አላት። ፊት ለፊት የጭቃ ቤቷ አለ። ጓሮው ጎመንና ጌሾ ነው። እኔ ደግሞ ኪራይ አንገፍግፎኛል። እዚያ ጓሮ ላይ 4 በ6 የሆነች ቤት ልሠራ አስቤያለሁ። አልጋው ቆጥ ላይ፣ ታች ማብሰያና መታጠቢያ። ዩቲዩብ ላይ ፈረንጆቹ ጎማ ላይ እንደሚሠሯት ዓይነት፤ ጎማው ይቅርብኝ እንጂ።

ጥያቄዬ፦ ይህችን ለምታህል ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል? አንዱ «24 ካሬ ምን ፈቃድ ያሻታል፣ ዝም ብለሽ ሥሪ» ይለኛል። ሌላው «ያፈርሱብሻል» ይለኛል። በደንብ የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ።

ቡሬ ዳር፦
ዝም ብለሽ ሥሪ። ጎጃም ውስጥ ሰርቪስ ቤት ሲሠራ ማዘጋጃ ቤት የጠየቀ ማን አለ? ዓርብ ማታ ቋሚ ተክለሽ እሑድ ቆርቆሮ ማልበስ ነው።

ግንበኛው፦
ቡሬ ዳር ወንድሜ፣ ምክርህ የሰው ቤት ያስፈርሳል።

እህቴ፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 ሲወጣ 10 ሺህና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ነበር። ማርቆስ ያንን ካለፈች ቆይታለች። ያ አዋጅ ደግሞ ቤት ትንሽ ስለሆነ ብቻ አይምርም ነበር። በምድብ ነበር የሚለየው። በሁለት ተሸካሚ መዋቅሮች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ፣ ወይም ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያ ቤት ምድብ «ሀ» ነበር። ያንቺዋ እዚህ ነች። ከዚያ ከፍ ያለው ምድብ «ለ» ይሆን ነበር። የሕዝብ መገልገያ፣ ፋብሪካና ከ12 ሜትር በላይ የሆነ ሕንፃ ምድብ «ሐ» ነበር። ምድብ «ሀ» መሆን ጣጣውን ያቀልልሻል እንጂ ከፈቃድ አያስመልጥሽም።

አሁን ዋናው ነገር። ንድፍ አሠርተሽ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት የፕላን ስምምነት ጠይቂ። ከተማው ያንን ቦታ ለምን እንዳሰበው የምታውቂው እዚያ ነው። መኖሪያ ነው? ቅይጥ ነው? መንገድ ያልፍበታል? ብዙ ሰው ጉድ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። ግድግዳውን አቁሞ፣ ቆርቆሮ አልብሶ፣ በር ሲገጥም ነው በጓሮው 10 ሜትር መንገድ ተሰምሮ እንደነበር የሚሰማው። ፕላኑ ካልከለከለሽ ንድፍሽን ታስገቢያለሽ። የሕንፃ ሹሙ አይቶ ፈቃድ ይሰጣል።

ይዘሽ የምትሄጂው፦ ካርታው፣ የዘመኑ ግብር የተከፈለበት ደረሰኝ፣ የእናትሽ መታወቂያ። አመልካቿ እናትሽ ናቸው፤ አንቺ አይደለሽም። እሳቸው መመላለስ ካልቻሉ ውክልና ይስጡሽ።

ሌላ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ወደ ጎረቤት መስኮት የምታወጪ ከሆነ ከድንበሩ ራቂ። እኔ 2 ሜትር ሳልተው አልሠራም። ሁለተኛ፣ የጣሪያሽ ውሃ በራስሽ ግቢ ይውረድ። ማርቆስ ሐምሌ ላይ እንዴት እንደሚዘንብ ታውቂዋለሽ። ግማሹ የጎረቤት ክስ የሚጀምረው ከአሸንዳ ነው።

የማርቆሷ፦
@ግንበኛው እግዜር ይስጥልኝ። ቆጡ ግን እንደ ፎቅ ይቆጠርብኝ ይሆን?

ግንበኛው፦
@የማርቆሷ ደረጃና የራሱ ወለል ያለው ሙሉ ክፍል ካላደረግሽው ምን ፎቅ ይባላል። ንድፉ ላይ ግን አሳዪው። «ይሄ ምንድን ነው?» ብለው በኋላ ከሚጠይቁሽ አሁን ቢያዩት ይሻላል። ከፍታውንም አታሳንሺ። ከወለል እስከ ኮርኒስ 3 ሜትር ተኩል ካልሆነ ቆጥ ላይ ስትነሺ ጭንቅላትሽን ነው የምትመቺው።

አባይ ማዶ፦
እኔ ያለሁት ኮሎራዶ ነው። ስለ ፈረንጆቹ ትንሽ ልበል፤ ዩቲዩቡ የማያሳየው ነገር አለና።

እዚህም ሕጉ ለረጅም ጊዜ አስቸግሮ ነበር። አገር አቀፍ ናሙና የሆነው የመኖሪያ ቤት ኮድ ለትንሽ ቤት የተለየ ቦታ ያበጀው በፈረንጆች 2018 እትም ነው፤ አባሪ ኪው ይባላል። እዚያ ላይ ትንሽ ቤት ማለት ቆጡን ሳይጨምር 37 ካሬ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ነው። የጣሪያው ከፍታ እስከ 2 ሜትር ከ3 ሳንቲ ድረስ ዝቅ ማለት ይችላል። ቆጡ ከ3 ካሬ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። በመሰላል መውጣት ይፈቀዳል። ቆጥ ላይ ለሚተኛ ሰው ግን እሳት ቢነሳ የሚወጣበት መስኮት ግዴታ ነው። @የማርቆሷ፣ ሕግ ባያስገድድሽም ይህችን ውሰጃት። ከታች ከሰል አቀጣጥሎ ከላይ የሚተኛ ሰው መስኮት ያስፈልገዋል።

ቀልዱ እዚህ ላይ ነው። አባሪ ስለሆነ የአካባቢው መስተዳድር ተቀብሎ ካላጸደቀው አይሠራም። ጎማ ላይ ያለችው ደግሞ በብዙ ቦታ ቤት አትባልም፤ እንደ ካምፒንግ መኪና ነው የምትታየው። ሰው በስንት ገንዘብ ሠርቷት የሚያቆምበት ቦታ አጥቶ ሲንከራተት አይቻለሁ። ዩቲዩብ ላይ ጫካ ውስጥ ብቻዋን ቆማ የምታዩዋት አንዳንዴ ለውበት ብቻ አይደለም።

ጋሼ ደጀን፦
ልጆች፣ «ትንሽ ቤት» እያላችሁ እንደ አዲስ ነገር ስታወሩ ገረመኝ። በ1967 አዋጅ 47 ሲወጣ የከተማ ቦታ ለአንድ ቤተሰብ ከ500 ካሬ እንዳይበልጥ ተባለ። ትርፍ ቤት ተወረሰ። ያ ቤት ተከፋፍሎ የቀበሌ ቤት ሆነ። እኛ ስድስት ልጅ ያሳደግንበት ቤት የዚህችን ልጅ ቆጥ አያክልም ነበር። ያኔ ዩቲዩብ አልነበረም እንጂ እኛም እንታይ ነበር።

ቡሬ ዳር፦
ጋሼ ዕድሜ ይስጥልን!

ደንበጫ 27፦
እኔ ደግሞ ኮንቴነር አስቤያለሁ። ባለ 20 ጫማ አንዱን ገዝቼ ግቢ ውስጥ ባቆመው፣ ተነሺ ነውና ፈቃድ አይጠይቀኝም አይደል?

ግንበኛው፦
@ደንበጫ 27 ሰው ከኖረበት፣ ውሃና መብራት ከገባለት፣ ወለሉ ላይ ሲሚንቶ ከፈሰሰ፣ ምን ተነሺ አለው? ጊዜያዊ ነው ብትል እንኳ የጊዜያዊ ግንባታ ፈቃድ ጠይቅበት። «ተነሺ ነው» ያልከው ቤት አንድ ቀን «በል አንሣው» ሊባል ይችላልና።

ሕጉን ትተን ኑሮውን እንይ። የባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ውስጡ 5 ሜትር ከ90 በ2 ሜትር ከ35 ነው። 14 ካሬ አይሞላም። ከፍታው 2 ሜትር ከ39። ግድግዳውን ከውስጥ ሙቀት መከላከያና ጣውላ ስታለብሰው ወርዱ 2 ሜትር ከ20 ይሆናል። አልጋ አግድም ዘርግተህ በጎኑ ማለፊያ የለህም። ብረት ደግሞ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል። ደጋ ላይ ያለ ኮንቴነር ጠዋት ከጣሪያው ውሃ ያንጠባጥባል። ያ ውሃ ከሰማይ የመጣ አይደለም፤ የራስህ ትንፋሽ ነው። ከአዲስ አበባ ጭነህ የዓባይን በረሃ የምታሻግርበትን የክሬንና የመኪና ኪራይ ደምርበትና ከብሎኬት ጋር አስተያየው።

የሞጣዋ፦
ለሱቅ ነው እንጂ ለመኖሪያ ኮንቴነር አይሆንም። ጨርሻለሁ።

ስሜን አትጠይቁ፦
የማርቆሷ ዕድለኛ ነሽ፣ ቦታችሁ አስፋልት ዳር አይመስለኝም። የእኛ አስፋልት ዳር ነው። ከተማዋን አልጠራም። የአባታችን ቤት አርጅቶ ጀርባው ተደርምሷል። አፍርሰን ባለ ሁለት ክፍል የብሎኬት ቤት ልንሠራ ብንጠይቅ «እዚህ መስመር ላይ ከጂ ፕላስ 2 በታች አይፈቀድም» ተባልን። ጂ ፕላስ 2 ከየት ይምጣ? እናታችን ጡረተኛ ነች። እድሳት ብንጠይቅም «ፕላኑ ስለማይፈቅድ ጣሪያ ብቻ» ተባልን። ይኸው የተደረመሰውን በላስቲክ ሸፍነን እንኖራለን። ትልቅ መሥራት አንችልም፣ ትንሽ መሥራት አይፈቀድልንም። ታዲያ ይሄ ሕግ ለማን ነው የወጣው?

ግንበኛው፦
@ስሜን አትጠይቁ እውነትህን ነው። የከተማ ፕላን ዝቅተኛ የሕንፃ ከፍታ የሚያስቀምጠው በምክንያት ነው። አስፋልት፣ የውሃ መስመርና የፍሳሽ ቦይ ውድ ነው። ያ ሁሉ ወጥቶበት መንገድ ዳር ባለ አንድ ወለል ቤት ሲደረደር ከተማው ወደ እርሻው ይለጠጣል። ይህ ይገባኛል። ግን አቅም የሌለውን ሰው «ወይ ፎቅ ሥራ ወይ ፍርስራሽ ውስጥ ኑር» ማለት ፕላን አይደለም። ብዙ ጊዜ ውጤቱ አንድ ነው፤ ሰውየው ቦታውን ሸጦ ይወጣል።

ሁለት ነገር ሞክሩ። ውሳኔውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ በቃል «አይፈቀድም» ከተባለ ቅሬታ የምታቀርቡበት ነገር የለም። ሁለተኛ፣ በደረጃ መሥራት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። መሠረቱና አምዱ ለጂ ፕላስ 2 ተሰልቶ ምድሩ ብቻ አሁን ይሠራል። ገንዘብ ሲገኝ ወደ ላይ ይቀጥላል። መሠረቱ ወጪውን ከፍ ያደርገዋል፤ አልዋሽህም።

ጣና ዳር፦
ባሕር ዳር ዳር ላይ ከገበሬ 100 ካሬ በርካሽ አግኝቻለሁ። ገጠር ስለሆነ የከተማው ሕግ አይነካውም አሉኝ። ትንሽ ቤት ሠርቼ ብገባስ?

ዳሞት፦
@ጣና ዳር ኧረ ተው ወንድሜ። የከተማው የሕንፃ ሕግ አልነካውም ማለት ሕግ የለውም ማለት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የገጠር መሬት አዋጁም ቁጥር 1324/2016 የቆመው እዚያው ላይ ነው። ገበሬው አረንጓዴ ደብተር ይዟል፤ ያ ደብተር የመጠቀም መብት ነው የሰጠው። ሊያከራይህ ይችላል፣ ሊሸጥልህ ግን አይችልም።

ውሉ እንዴት እንደሚጻፍ ልንገርህ? «ይህን ያህል ብር ተበድሬያለሁ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ሁለት ምስክር፣ ጣት፣ ፊርማ። ገበሬው ነገ ቢሞት ልጆቹ «ብድሩን እንክፈልህ፣ ከመሬታችን ውጣ» ይሉሃል። ከተማው ሰፍቶ ቦታው ቢፈለግ ደግሞ ካሳ የሚከፈለው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። አንተ በዚያ መዝገብ ላይ የለህም። ጨረቃ ቤት የሚባለው ይኸው ነው፤ ሌሊት ይሠራል፣ ቀን በዶዘር ይፈርሳል። ርካሽ የሆነውም ለዚሁ ነው።

ጣና ዳር፦
በዙሪያው ስንት ሰው ሠርቶ እየኖረ?

ዳሞት፦
የሚኖረውን ነው ያየኸው። ተነሥቶ የሄደውን ከየት ታየዋለህ?

ወደ @የማርቆሷ ልመለስ። እህቴ፣ የከተማው ፈቃድ ጣጣሽ ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ቤተሰብ ነው። ጠበቃ አይደለሁም፤ ፍርድ ቤት ግን ብዙ ተመላልሻለሁ። ስንት ወንድምና እህት አለሽ?

የማርቆሷ፦
አራት ነን። ሁለቱ ወንድሞቼ አዲስ አበባ፣ ታናሼ እንጅባራ። ምነው?

ዳሞት፦
እንግዲያስ ስሚኝ። ካርታው በእናትሽ ስም ነው። ፈቃዱም በእሳቸው ስም ይወጣል። ቤቷን በገንዘብሽ ብትሠሪያትም ወረቀቱ ላይ የእናትሽ ነች። እሳቸው ዕድሜ ይስጣቸውና አንድ ቀን ውርስ ሲመጣ፣ ያቺ 4 በ6 ከድርሻ ላይ ትቆጠራለች። «እኔ ነኝ የሠራኋት» ስትዪ «ማስረጃሽ?» ይሉሻል። ዛሬ የሚወዱሽ ወንድሞች ናቸው የሚሉሽ። አልፎም ሚስቶቻቸው።

«እንግዲያው እናቴ ጓሮውን ቆርሳ በስጦታ ትስጠኝ» እንዳትዪ። የሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል ይላል። ስጦታም ሌላ መንገድ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ 200 ካሬን ለሁለት መክፈል በዝቅተኛው የቦታ ስፋት ምክንያት ላይፈቀድ ይችላል። ሁለት ካርታ ከማሰብሽ በፊት ይህን ጠይቂ።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ቤቷ በእናቴ ካርታ ላይ ሰርቪስ ሆና ፈቃድ ታግኝ። ጎን ለጎን አራታችንም እናታችንም ሆነን አንድ ውል እንጻፍ፦ ቤቷን የሠራችው እከሊት ነች፣ ወጪው ይህን ያህል ነው፣ ውርስ ሲከፈል ይህ ይታሰብላታል። ይህንን ውል ወረቀት ላይ ጽፎ ኪስ ውስጥ መክተት ዋጋ የለውም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት ተጽፎ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት። አዲስ አበባ ያሉት ወንድሞችሽ ለፋሲካ ሲመጡ አስፈርሚያቸው። ዶሮው ወጥቶ ሁሉ ሰው ደስ ሲለው።

የሲሚንቶና የቆርቆሮ ደረሰኝ በሙሉ ባንቺ ስም ይሁን። አትጣዪ።

የሞጣዋ፦
ሰው ለእናቱ ጓሮ ውል ሲዋዋል! ጊዜው ከፋ።

ዳሞት፦
@የሞጣዋ ጊዜው አይደለም የከፋው፤ የቦታ ዋጋ ነው።

ሲስተር ፈረስ ቤት፦
እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ። ሁላችሁም ስለ ካርታ ስታወሩ ስለ ሽንት ቤት ያነሳ የለም። የማርቆሷ፣ መታጠቢያና ሽንት ቤት ቤት ውስጥ ካስገባሽ ፍሳሹ የት ይሄዳል? ግቢያችሁ የውሃ ጉድጓድ አለው?

የማርቆሷ፦
አለ። እናቴ ለልብስና ለጎመን ትጠቀምበታለች።

ሲስተር ፈረስ ቤት፦
ጠርጥሬ ነበር። የመጸዳጃ ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት ነው የሚባለው። 200 ካሬ ግቢ ማለት እንበል 10 በ20 ነው። ከጥግ እስከ ጥግ 22 ሜትር ግድም ነው። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ግቢ ውስጥ አብረው አይሆኑም። የጎረቤቶችሽም ጉድጓድ አጠገብ ነው። ምርጫሽ ታችና ጎኑ በደንብ የተለሰነ፣ የማያሳልፍ ሴፕቲክ ታንክ ሠርተሽ በመኪና ማስመጠጥ ነው። ስለዚህ ቤቷን ስታስቀምጪ የመጣጭ መኪናው ቱቦ ከበር እስከዚያ እንዲደርስ አስቢ። ያንን የውሃ ጉድጓድም ለመጠጥ እንዳትነኩት።

ግንበኛው፦
ሲስተር ትክክል ነሽ። ንድፉ ላይ ታንኩን የማያሳይ ሰው ብዙ ነው።

አገው ምድር፦
ከእንጅባራ ነኝ። ስለ ዕቃው ልጠይቅ። እኛ ዘንድ ቀርከሃ ሞልቷል፣ ጥሩም ነው። የማርቆሷ ለምን በቀርከሃና በጭቃ አትሠራውም? ከብሎኬት ይሞቃል።

ግንበኛው፦
ይሞቃል፤ እውነት ነው። ቀርከሃውን በበጋ ቁረጡ፣ ካልሆነ ነቀዝ ዱቄት ያደርገዋል። ግን አንዳንድ ከተማ መሀል ላይ ለአዲስ ግንባታ ጭቃ አይፈቅዱም። ያንንም እዚያው የፕላን ስምምነት ስትጠይቂ ጠይቂ።

ለብሎኬት ከሆነ ሒሳቡን ልሥራልሽ። 4 በ6 ዙሪያው 20 ሜትር ነው። ግድግዳው 3 ሜትር ተኩል ሲሆን 70 ካሬ። በርና መስኮት 6 ካሬ ቀንሺ፣ 64። ለአንድ ካሬ 12 ከግማሽ ብሎኬት፣ 800 ነው። ለመታጠቢያው ግድግዳና ለስብራት 100 ጨምሪ። ባለ 15 ሳንቲ ብሎኬት ይበቃሻል። ቆርቆሮውን ግን አታሳሺ፤ 28 ጌጅ ግዢ። ስሱ 35 ጌጅ ላይ የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ የሚሰማሽ ድምፅ ይበቃሻል። ከሥሩ ኮርኒስ ካላደረግሽ ቆጥ ላይ ቀን መተኛት አይታሰብም።

ቡሬ ዳር፦
እሺ እኔም ተምሬያለሁ። አንድ ጥያቄ፦ ለራሷ ባትኖርበትና ብታከራየውስ?

ዳሞት፦
ያኔ የኪራይ አዋጁ ቁጥር 1320/2016 አለ። ክልሉ አዋጁን ተግባራዊ ባደረገበት ከተማ የምታከራይ ከሆነ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ዘመኑም ከ2 ዓመት አያንስም። ቅድመ ክፍያም ከ2 ወር በላይ መጠየቅ አይቻልም።

የማርቆሷ፦
ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። ሰኞ ካርታውንና ደረሰኙን ይዤ ከእናቴ ጋር እሄዳለሁ። መጀመሪያ የፕላን ስምምነት፣ ከዚያ ንድፍ። ወንድሞቼን ስደውልላቸው አንዱ «ጎበዝ» አለኝ፣ ሌላው «እኔም ጎኗ ልሥራ?» አለኝ። ለሱ መልስ አልሰጠሁትም።

የመጨረሻ ጥያቄ። ለቆጡና ለጣሪያው ባሕር ዛፍ ከእናቴ ሰፈር በርካሽ አግኝቻለሁ። ምስጥ ግን ፈርቻለሁ። የድሮውን ቤት በር በልቶታል።

ግንበኛው፦
ልጡን በደንብ ላጪው። እርጥቡን አትጠቀሚ፤ ጥላ ሥር ከምድር ከፍ አድርገሽ ደርድሪና ይድረቅ። ከግድግዳ ጋር የሚገናኘውን ጫፍ የተቃጠለ ዘይት ሁለቴ ቀቢው። የመኝታሽን ጣውላ ግን ዘይት አታስነኪው፤ ሽታው አይለቅም። መሠረቱን ከመሬት 40 ሳንቲ ከፍ አድርጊና ዙሪያውን አፈር አታስጠጊ። ያንን የጌሾ ዛፍ ደግሞ ካልነቀልሽው ከግድግዳው አርቂው።

ጋሼ ደጀን፦
ጌሾውን እንዳትነቅዪ! የቤት ምርቃት ጠላ ከየት ሊመጣ ነው?